ወረርሽኝና የገበሬ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ

ወረርሽኝ ሰውን ያጠቃል እንጂ ሰብልን አያጠቃም። በቆሎ ኮሌራ አይዘውም፤ ጤፍም በኢንፍሉዌንዛ አይታመምም። ታዲያ ዝናቡ በወቅቱ ከዘነበ፣ መሬቱም ከታረሰና እህሉ ከተሰበሰበ፣ የገጠር ቤተሰብ በወረርሽኝ ምክንያት እንዴት ሊራብ ይችላል? ጥያቄው የሐኪሞች ብቻ አይደለም፤ የዕፅዋት ሳይንስ፣ የእንስሳት ሕክምና፣ የምጣኔ ሀብትና የስታቲስቲክስ ተማሪዎች ሁሉ የሚጋሩት ነው። በዚህ ጽሑፍ የወረርሽኝ ጉዳት ከታማሚው መኝታ ተነሥቶ እስከ ጎተራ የሚደርስባቸውን መንገዶች እንከታተላለን።

ለምሳሌነት የመረጥነው ቦታ ኪራሙ ነው። ኪራሙ በኦሮሚያ ክልል በምሥራቅ ወለጋ ዞን ሰሜናዊ ጫፍ የሚገኝ ወረዳ ሲሆን፣ በሰሜን በኩል ዓባይ ከጎጃም ይለየዋል። ወደ ዞኑ ዋና ከተማ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ በጊዳ አያናና በአንገር ሸለቆ በኩል ያልፋል። ነዋሪው፣ ኦሮሞውም አማራውም፣ ነባሩም ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች መጥቶ የሰፈረውም፣ በአብዛኛው የሚተዳደረው በእርሻ ነው። በቆሎ፣ ጤፍ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳና ኑግ ይዘራል፤ ወደ ቆላው ሲወረድ ደግሞ ሰሊጥ ይታከልበታል።

ይህን ቦታ የመረጥንበት ምክንያት አለን። ወለጋ ዝናቡ ረጅም፣ መሬቱ ሰፊ፣ «ትርፍ አምራች» ተብሎ በመንግሥት ዕቅዶችና በትምህርት መጻሕፍት የሚጠራ አገር ነው። ረሃብ ሲነሣ ስሙ ከወሎና ከትግራይ፣ ከሐረርጌ ቆላና ከቦረና ጋር እንጂ ከወለጋ ጋር አይነሣም። ዝናብ በማይቋረጥበት አገር ቀለብ ሲያጥር ግን መንስኤውን ከሰማይ ላይ መፈለግ አይቻልም፤ ስለዚህ የምንመረምረው ነገር ከድርቅ ጋር ሳይደባለቅ ይታያል።

የምግብ ዋስትና ሲባል

እ.ኤ.አ. በ1996 በሮም የተካሄደው የዓለም የምግብ ጉባኤ የምግብ ዋስትናን የተረጎመው፣ ሰዎች ሁሉ በማናቸውም ጊዜ ለጤናማና ለንቁ ሕይወት የሚበቃ ምግብ በአካልም በገንዘብ አቅምም የሚያገኙበት ሁኔታ አድርጎ ነው። ከዚህ ትርጉም አራት ጉዳዮች ይወጣሉ፦ የምግቡ መኖር፣ የማግኘት አቅም፣ የተበላው ምግብ ለሰውነት መጥቀሙ፣ እንዲሁም የእነዚህ ሁሉ ሳይቋረጥ መቀጠል። ድርቅ በቀጥታ የሚመታው የመጀመሪያውን ነው። ወረርሽኝ ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው ይጀምራል።

የዚህን ልዩነት ክብደት ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሃብ በሚያወሳ መጽሐፉ ከመረመራቸው ረሃቦች አንዱ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ያጠፋው ነው። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት በጉልህ እንዳልወደቀ፣ ይልቁንም የተወሰነ እህል ከተራበው ወሎ ወደ ሌላ ቦታ ይወጣ እንደነበር አመለከተ። የወሎ ገበሬ ምርቱ ሲጠፋ ገቢውም አብሮ ስለጠፋ፣ በገበያ ያለውን እህል የሚጠራበት አቅም አልነበረውም። በሴን አስተሳሰብ አንድ ቤተሰብ ምግብ የሚያገኘው ከገዛ ምርቱ፣ ከልውውጥ፣ ከጉልበቱ ሽያጭ ወይም ከሌላ ወገን ከሚሰጠው ነው። ረሃብ የሚመጣው እነዚህ በሮች አንድ በአንድ ሲዘጉ ነው። ወረርሽኝን የምናጠናውም የትኛውን በር መቼ እንደሚዘጋ በመጠየቅ ነው።

ስሌቱ

ገበሬ የሚበላውን ስለሚያመርት የገበያ ነገር አያሳስበውም የሚል አመለካከት በከተማ ሰው ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ስሕተት መሆኑን በአንድ ምሳሌ እናሳይ። ከዚህ በታች ያሉት የምርትና የዋጋ ቁጥሮች ለማስተማሪያ የተወሰዱ እንጂ የአንድ የተወሰነ ቤት መዝገብ አይደሉም።

ስድስት ሰዎች ያሉበትን ቤተሰብ እንውሰድ። የእርዳታ ድርጅቶች ለዕቅድ የሚጠቀሙበት መለኪያ በቀን ለአንድ ሰው 2,100 ኪሎ ካሎሪ ነው። በዓመት ለስድስት ሰዎች ሲባዛ 4,599,000 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። አንድ ኪሎ ግራም በቆሎ 3,600 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ከሚያስፈልገው ኃይል ሦስት አራተኛው ከበቆሎ ይምጣ ብንል፣ ቤተሰቡ በዓመት 9.6 ኩንታል በቆሎ ለምግብ ይሻል።

ይህ ቤተሰብ 20 ኩንታል አመረተ እንበል። አሥሩን ለቀለብ አስቀርቶ አሥሩን ይሸጣል፤ በሽያጩም ማዳበሪያና ምርጥ ዘር፣ ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ልብስ፣ ደብተርና መድኃኒት ይገዛል። አሁን ወረርሽኝ ገባ እንበል። ቤተሰቡ አልታመመም፤ ምርቱም አልቀነሰም። ሆኖም ነጋዴው እንደ ቀድሞው አልመጣም፣ የጭነት ዋጋ ጨመረ፤ ስለዚህ በገጠር ገበያ የበቆሎ ዋጋ በ20 በመቶ ወረደ። በዚያው ምክንያት ከከተማ የሚመጣው ዕቃ በ25 በመቶ ተወደደ። የንግድ ምጣኔው፣ ማለትም አንድ ኩንታል በቆሎ የሚገዛው የዕቃ መጠን፣ 0.8 ለ1.25 ተካፍሎ 0.64 ይሆናል። ያንኑ ዕቃ ለመግዛት አሁን መሸጥ ያለበት 10 ሳይሆን 15.6 ኩንታል ነው። ለቀለብ የሚቀረው 4.4 ኩንታል ብቻ ሲሆን፣ ይህም ለአምስት ወር ተኩል ይበቃል። መቁጠር የጀመርነው ከታኅሣሥ ከሆነ ጎተራው በግንቦት አጋማሽ ላይ ባዶ ይሆናል። የበቆሎ እሸት እስኪደርስ ደግሞ ሦስት ወር ይቀረዋል።

ከማሳው አንድ እሸት ሳይጎድል ሰባት ወር የሚጠጋ ቀለብ ጎደለ ማለት ነው። እርግጥ እውነተኛ ቤተሰብ እንዲህ አያደርግም፤ ከመራብ ይልቅ ግዢውን ይቀንሳል። ችግሩ በመጀመሪያ የሚቀነሰው ገንዘብ የሚበላው ዕቃ፣ ማለትም ማዳበሪያውና ዘሩ መሆኑ ላይ ነው። እንዲህ ሲሆን የዘንድሮው የገበያ ችግር ወደ ከርሞ የምርት ጉድለት ተለወጠ። በምጣኔ ሀብት ትምህርት ክፍል ውስጥ «የማግኘት አቅም» እና «መኖር» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደርገው ይሰጣሉ፤ በገበሬ ቤት ግን በአንድ ዓመት ልዩነት አንዱ ሌላውን ይወልዳል።

ከብት ያለቀበት ዘመን

በታሪካችን በገጠር ቤተሰብ ቀለብ ላይ ከሁሉ የከፋ ጥፋት ያደረሰው ወረርሽኝ ሰውን የሚይዝ አልነበረም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የገባው የደስታ በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአገሪቱ ከብት 90 በመቶ ገደማ እንደ ጨረሰ ይገመታል። በሽታው የሚመጣው ከኩፍኝ ቫይረስ ጋር ዝምድና ባለው ቫይረስ ሲሆን፣ ከብቶቻችን ቀድሞ አይተውት ስለማያውቁ ምንም መከላከያ አልነበራቸውም። የዘመኑ ሰዎች ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ «ክፉ ቀን» አሉት። ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተደራርበውበታል፤ ነገር ግን ድርቅ ባልነበረበት ቦታም ገበሬው የሚያርስበት በሬ አልነበረውም። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ሕዝቡ ያለ በሬ እንዲያርስ አርአያ መሆናቸው ይነገራል።

እዚህ ላይ ስለ ጉልበት ማሰብ ይጠቅማል። ሁለት በሬዎች በአንድ ቀን የሚያርሱትን መሬት በዶማ ለመቆፈር በርካታ ሰው ብዙ ቀን ሊሠራ ይገባል። ጤፍ ደግሞ ደቃቅ ዘር ስለሆነ ሦስት፣ አራት ጊዜ የታረሰና የለሰለሰ መሬት ይፈልጋል። በሬ ሲጠፋ በመጀመሪያ የሚጠፋው ጤፍ ነው። ቀጥሎ የሚራበው ሰው በዶማ የሚቆፍርበት ጉልበት ያጣል። በመጨረሻም ፈንጣጣ፣ ኮሌራና ተስቦ የተዳከመውን ሕዝብ አገኙት። ከሕዝቡ እስከ አንድ ሦስተኛ የሚሆነው ሳያልቅ እንዳልቀረ የሚገምቱ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። የሰንሰለቱን አቅጣጫ ልብ ይሏል፦ ከእንስሳት በሽታ ወደ ረሃብ፣ ከረሃብም ወደ ሰው በሽታ።

የደስታ በሽታ ከምድር የጠፋ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 ነፃ መሆኗ ታወቀላት፤ ዓለም በሙሉ ነፃ መሆኑ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ሙሉ በሙሉ ያጠፋው ሁለተኛው የቫይረስ በሽታ መሆኑ ነው። ለዚህ ድል ሙቀት የሚቋቋም ክትባት መገኘቱ ትልቅ ድርሻ ነበረው፤ በአፋር ያሉ የማኅበረሰብ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ክትባቱን ያለ ማቀዝቀዣ በእግር ተሸክመው ለከብቶች ያደርሱ ነበር። በአንገርና በዴዴሳ ሸለቆዎች ግን ሌላ የበሬ ጠላት አለ። ቆላ ወጥተው የሚግጡ ከብቶችን በዝንብ የሚተላለፈው ገንዲ ይይዛቸዋል። ገንዲ ወረርሽኝ ባይባልም በሬን አክስቶ ከቀንበር ያስወጣል፤ መድኃኒቱና የእንስሳት ሐኪሙ በጊዜ ካልደረሱ ውጤቱ በአንድ ቤተሰብ ደረጃ ከክፉ ቀን ብዙ አይለይም።

ጉልበትና ወቅት

ፋብሪካ ሁለት ሳምንት ቢዘጋ የሁለት ሳምንት ምርት ያጣል። እርሻ ግን እንዲህ አይደለም፤ ያመለጠው ጊዜ የትኛው ነው የሚለው ኪሣራውን ይወስነዋል። በቆሎ ከበቀለ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ከአረም ጋር ለብርሃን፣ ለውኃና ለናይትሮጂን ይሻማል። በዚያ ወቅት ያልታረመ ማሳ በኋላ ቢታረምም የጠፋው አይመለስም።

አንድ ማሳ ለመጀመሪያው አረም 20 የሰው ቀን ይፈልጋል፣ የሚመቸውም ጊዜ አሥር ቀን ነው እንበል። ባልና ሚስት አብረው ከሠሩ ይበቃል። ባል ቢታመም ሚስት አስታማሚ ትሆናለች፤ ግማሽ ቀን ብትሠራ እንኳ በአሥሩ ቀን የሚታረመው ሩብ ማሳ ነው። አንድ ሰው ታሞ የጠፋው ጉልበት ግማሽ ሳይሆን ሦስት አራተኛ ሆነ። የበሽታን ዋጋ በታማሚው ብቻ የሚቆጥሩ ጥናቶች ይህን ይስቱታል፤ በአብዛኛውም የሚሳተው የሴቷ ሥራ ነው።

ደቦና ወንፈል የተፈጠሩት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ የታመመውን ሰው ማሳ ያርማል። ይህ ኢንሹራንስ በሚገባ የሚሠራው ግን ችግሩ አንድን ቤት ነጥሎ ሲመታ ነው። ወረርሽኝ ሁሉንም ቤት በአንድ ሳምንት ሲያንኳኳ ደቦ የሚወጣ ሰው አይገኝም። ዕድርና ዕቁብም በተመሳሳይ መንገድ ይጨናነቃሉ።

በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር አዲስ አበባን የመታው ኢንፍሉዌንዛ ለዚህ ምስክር ነው። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ያለው ይህ ወረርሽኝ በከተማዋ አሥር ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንንም ታመው ድነዋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ ከዚያ ወረርሽኝ ጋር ይያያዛል። ከሌላው ኢንፍሉዌንዛ የሚለየው ሕፃናትንና አረጋውያንን ብቻ ሳይሆን ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ጎልማሶች በብዛት መግደሉ ነው፤ አራሽና አጫጅ የሆኑት እነርሱ ናቸው። ኅዳር ደግሞ በደጋውና በወይና ደጋው የአጨዳ ወር ነው።

ከ1950 ክረምት እስከ 1951 ዓ.ም. ታኅሣሥ በደጋማ ወረዳዎች የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ይዞ 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ተገምቷል። ወባ በአገራችን የሚበረታው ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ክረምቱ ወጥቶ ሰብሉ በሚደርስበት ጊዜ ነው። ትንኟና አጫጁ በአንድ ወቅት ወደ ማሳ ይወጣሉ ማለት ይቻላል።

ኤች አይ ቪ ግን በሌላ ፍጥነት ይሠራል። በኢትዮጵያ ደም ናሙናዎች ውስጥ መኖሩ የተረጋገጠው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት አሥርተ ዓመታት አምራች ወላጆችን ቀስ በቀስ ከቤተሰብ ነጠቀ። አሌክስ ደ ዋልና አለን ዋይትሳይድ እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ደቡባዊ አፍሪካ ሲጽፉ፣ ድርቁ ካለፈ በኋላ እንኳ የማያገግም አዲስ ዓይነት ረሃብ መምጣቱን ተከራከሩ፤ አያቶችና ሕፃናት የቀሩበት ቤት ዝናብ ቢመለስም የሚያርስ እጅ የለውምና። የእርሻ ዕውቀትም ከአባት ወደ ልጅ ሳይተላለፍ ይቀራል። መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በአገራችን የዚህ ሥጋት መጠን በእጅጉ ቀንሷል።

በ2012 ዓ.ም. የሆነው

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ የሕዝብ ማመላለሻዎችም የሚጭኑት ሰው በግማሽ እንዲቀንስ ተደረገ። አንዳንድ ክልሎች የሕዝብ ትራንስፖርትን ለተወሰነ ጊዜ ጨርሰው አገዱ። ይሁን እንጂ አገሪቱ እንደ አንዳንድ መንግሥታት ሰውን ሁሉ ቤቱ አልዘጋችም፤ እርሻም አልተከለከለም። በእኛ አስተያየት ውሳኔው ትክክል ነበር። ሚያዝያና ግንቦት ለበቆሎ አገር የዘር ወራት ናቸውና በዚያ ጊዜ ማሳ ላይ እገዳ መጣል ዓመቱን ሙሉ መዝጋት በሆነ ነበር።

ጉዳቱን ለመለካት የዓለም ባንክ ከሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በስልክ ቤተሰቦችን መጠየቅ ጀመረ፤ በመጀመሪያው ዙር 3,249 ቤተሰቦች ተገኙ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ገቢያቸው መቀነሱን ወይም መቋረጡን ተናገሩ። የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ባልደረቦች በአዲስ አበባ ባደረጉት ክትትል ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር አገኙ፦ ብዙዎች ገቢያችን ቀንሷል ቢሉም የሚበሉት ምግብ መጠን በአማካይ ከቀድሞው ብዙም አልተለየም። ሰዎች ቁጠባቸውን በልተዋል ማለት ነው።

በገጠር የተደረገ ሌላ ጥናት ለርዕሳችን የበለጠ ይቀርባል። ቀደም ሲል በአካል የተጠየቁ የገጠር ቤተሰቦች በሰኔ 2012 ዓ.ም. በስልክ እንደገና ተጠየቁ። የምግብ ዋስትና የማጣት ዕድል በ11.7 ነጥብ መቶኛ ጨምሯል፤ ቀለብ የሚያልቅበት ጊዜም በ0.47 ወር ረዝሟል። በምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ውስጥ በታቀፉት ቤተሰቦች ዘንድ ግን ጭማሪው 2.4 ነጥብ መቶኛና 0.13 ወር ብቻ ነበር። ከወረርሽኙ በፊት የተዘረጋ የክፍያ ሥርዓት የጉዳቱን አብዛኛውን ክፍል አስቀረ ማለት ነው። ለእርዳታ አዲስ መዝገብ መክፈት ሳያስፈልግ ገንዘቡና እህሉ በነበረው መስመር ደረሰ።

የዚህ ውጤት ሌላ ገጽታ ግን ኪራሙን ይመለከታል። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የታለመው ለዓመታት በተከታታይ የምግብ እርዳታ ይሹ ለነበሩ ወረዳዎች ነው። ትርፍ አምራች የሚባለው ምዕራብ በመርህ ደረጃ ከዚህ ውጭ ነው። በበጎ ዘመን ምክንያታዊ የነበረው አመራረጥ በወረርሽኝ ጊዜ መከላከያውን ድርቅ በሚያጠቃው አካባቢ ላይ ብቻ ሠራ። በሽታ ደግሞ የዝናብ ካርታ አይከተልም።

የስልክ ጥናት ራሱ ሊጤን የሚገባው ጉድለት አለው። የሚጠየቀው ስልክ ያለው ብቻ ነው፤ ስልክ ያለው ገበሬም ከሌለው ይሻላል። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት መጨረሻ 2012 ዓ.ም. በወለጋ ሰፊ ክፍል የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ እንደነበር ስናስታውስ ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። በዚያው ጊዜ ነው ስለ አዲሱ በሽታ ለዓለም ሲነገር የቆየው። ዋጋም በስልክ የሚጠየቅ ነገር ነው። የነቀምቴን የበቆሎ ዋጋ የማያውቅ የኪራሙ ገበሬ ነጋዴው የሚነግረውን ከመቀበል ሌላ ምርጫ የለውም።

ዘር፣ መንገድና ሰላም

ዛሬ የወለጋ በቆሎ በአብዛኛው የዲቃላ ዘር ውጤት ነው። ከነቀምቴ በስተ ምሥራቅ ያለው የባኮ የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1993 ካወጣው ቢኤች-660 ጀምሮ ምርጥ ዘሮች የአካባቢውን ምርት አሳድገዋል። ዲቃላ ዘር ጉልበቱን የሚያገኘው ከተለያዩ የዘር ሐረጎች ቅይጥ ነው። ከምርቱ ላይ ተቀንሶ መልሶ ቢዘራ በሁለተኛው ትውልድ ያ ቅይጥ ይበታተናል፤ ተክሎቹ ቁመታቸውም ፍሬያቸውም ወጥነት ያጣል፤ ምርቱም ይወርዳል። ስለዚህ ገበሬው በየዓመቱ ዘር መግዛት አለበት። የጥንቱ ገበሬ ዘሩን በጓዳው ይዞ ወረርሽኙ እስኪያልፍ ይጠብቅ ነበር። የአሁኑ ገበሬ ምርቱ ከጥንቱ ይበልጣል፤ ነገር ግን በሚያዝያ የጭነት መኪና ካልመጣ የሚዘራው የለውም። ሁለቱንም እውነት አብሮ መያዝ ይገባል፤ ወደ ቀድሞው ዘር እንመለስ የሚለው ምክር የስድስቱን ሰዎች የካሎሪ ስሌት አላየውም።

የመንገዱ ነገር በኪራሙ ከወረርሽኝም በላይ ሄዷል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአካባቢው ከአንድ መቶ በላይ ሲቪሎች በጥቃትና በአጸፋ ጥቃት ተገደሉ፤ ብዙዎች ቤታቸውን ጥለው ሸሹ። ነሐሴ እህሉ በማሳ ላይ ያለበት ወር ነው። በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራትም ግጭቱና መፈናቀሉ እንደገና በረታ። የኮቪድ ሁለተኛ ዓመት የት አልቆ የግጭቱ ጉዳት የት እንደ ጀመረ በቁጥር መለየት በእንዲህ ያለው ቦታ አስቸጋሪ ነው። በሳይንስ ቋንቋ ሁለቱ ተለዋዋጮች ተጠላልፈዋል። ለቤተሰቡ ግን ሁለቱም የሚዘጉት ያንኑ በር ነው፦ መንገዱን፣ ገበያውንና ደቦውን።

እ.ኤ.አ. በ2024 ወባ በአገሪቱ እንደገና ሲያገረሽ ይህ መጠላለፍ በግልጽ ታይቷል። ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ገደማ ባለው ጊዜ 7.3 ሚሊዮን ታማሚዎች ተመዝግበዋል፤ ከፍተኛ ጫና ካረፈባቸው አካባቢዎች አንዱ ምዕራብ ኦሮሚያ ነበር። አጎበር፣ ኬሚካል ርጭትና መድኃኒት የሚጓዙት እንደ ማዳበሪያው በመንገድ ነው።

ወደ ሰውነት ውስጥም ለአፍታ እንግባ። የሰውነት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር የኃይል ፍጆታው በ10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ይጨምራል፤ ትኩሳት ያለበት ሰው ደግሞ ምግብ ይዘጋዋል። ተቅማጥና የአንጀት ትላትል ከተጨመሩ የተበላውም አይጠቅምም። ስለዚህ በጎተራ በቂ ቀለብ እያለ ሕፃን ሊመነምን ይችላል።

መጀመሪያ የሚጠፋውና የማይመለሰው

ቤተሰብ ለችግር የሚሰጠው ምላሽ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ ሥጋ፣ ቅቤና ወጡ ይቀራል፤ ቀጥሎ የምግቡ መጠን ይቀንሳል፤ እናት ለልጆች ብላ ትቀመጣለች። ከዚያ ዶሮና በግ ይሸጣል፤ ብድር ይገባል፤ ልጅ ከትምህርት ይቀራል። በመጨረሻ የሚወጣው በሬው ነው። እስከ በጉ ድረስ ያሉት እርምጃዎች ችግሩ ሲያልፍ ይመለሳሉ፤ ከበሬው በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንድ በሬ የቀረው ሰው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ተቀናጅቶ በመቀናጆ ያርሳል፤ ተራው እስኪደርስ የዘሩ ሰዓት ያልፍበታል። ምንም በሬ ያልቀረው መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጥና ከምርቱ ግማሹን ያጣል። በግማሽ ምርት ደግሞ በሬ መልሶ መግዛት አይቻልም። በሬ የሚሸጠው ብዙ ሰው በሚሸጥበት ጊዜ በመሆኑ ዋጋው በወረደበት ነው፤ የሚገዛው ግን ሁሉም ሲያገግምና ዋጋው ሲያሻቅብ ነው።

የጥናት ዕቅድ ለሚያወጡ ተማሪዎች የሚሆን አንድ ተግባራዊ ነገር እንጨምር። በኪራሙ በጥር ወር ሄዶ ጎተራና ጎምቢሳ ያየ ሰው ሁሉም ደህና ነው ብሎ ሊመለስ ይችላል። ነቀዝ ከመግባቱና የማዳበሪያው ዕዳ ከመጠየቁ በፊት ብዙው ቤት እህል አለው። ያንኑ ቤት በሐምሌ ያየ ሌላ ውጤት ይጽፋል። ከወረርሽኝ በፊትና በኋላ የተሰበሰቡ ሁለት መረጃዎች የሚነጻጸሩት በአንድ የወቅት ነጥብ ላይ ከተወሰዱ ብቻ ነው። ካልሆነ ተመራማሪው የወረርሽኝ ውጤት ብሎ የሚያቀርበው በየዓመቱ የሚመጣውን የክረምት እጥረት ሊሆን ይችላል። ከካሎሪውና ከምግቡ ዓይነት ብዛት ጎን ለጎን ሦስት ጥያቄዎች በመጠይቁ ላይ ቢሰፍሩ ብዙ ይጠቅማል፦ ከባለፈው መኸር ወዲህ ቀለቡ በየትኛው ወር አለቀ? ዘንድሮ የተዘራው ዘር ከየት መጣ? ከአምና ወዲህ ከቤቱ የወጣ በሬ አለ ወይ፣ ተተካስ?